ሲጋራ ላቆመ ሰው፦ ሐራራ ሲነሳ ምን ማድረግ ይቻላል?

ሲጋራ ለማቆም የወሰነ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ሐራራው ድንገት ሲነሳበት እጁ ምን መያዝ፣ እግሩ ወዴት መሄድ፣ አፉም ምን ማለት እንዳለበት አስቀድሞ ስላላሰበበት ነው። ሐራራ የሚለውን ቃል ጫት ቃሚዎችም አጫሾችም የሚጠቀሙበት ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሲጋራ ያቆመ ሰው በድንገት የሚሰማውን ብርቱ የማጨስ ፍላጎት ለማመልከት ገብቷል። እኔ ራሴ ከአሥር ዓመት በላይ አጭሼ፣ ሦስት ጊዜ አቁሜ ሦስት ጊዜ ተመልሼ፣ በአራተኛው የተላቀቅሁ ነኝ፤ በሦስቱ ሙከራዎች የተማመንኩት በወኔዬ ነበር፣ በአራተኛው ግን በወረቀት ላይ በጻፍኩት ዕቅድ። ከዚህ በታች ያለውም የዚያ ዕቅድ ዝርዝር ነው፤ ከሕክምናው ዕውቀት የሚጠቅመውንም ጨምሬበታለሁ።

የሐራራው ጠባይ

ኒኮቲን ከጭሱ ጋር ወደ ሳንባ ከገባ በኋላ አንጎል ለመድረስ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ያህል ብቻ ይበቃዋል። እዚያም ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ አጫሹ ወዲያውኑ የመርካት ስሜት ያገኛል፤ ሲጋራን መተው አስቸጋሪ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ፍጥነቱ ነው። በደም ውስጥ ያለው የኒኮቲን መጠን ደግሞ በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ለዓመታት ያጨሰ ሰው አንጎል ቀኑን ሙሉ በየተወሰነ ሰዓት «ጨምርልኝ» ማለቱን አይተውም። ሌሊቱን ሳያጨስ ያደረ ሰው ገና ከአልጋው ሳይወርድ ሲጋራ የሚያምረውም በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ከእንቅልፉ በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ሱሱ የበረታበት መሆኑን ሐኪሞች እንደ አንድ መለኪያ ይወስዱታል።

ሲጋራ ካቆሙ በኋላ ቁጣ፣ መቁነጥነጥ፣ የሐሳብ መበታተን፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የሐዘን ስሜት፣ የምግብ ፍላጎት መጨመር፣ በአንዳንዱም ሰው ላይ የሆድ ድርቀት ይከተላል። እነዚህ ምልክቶች በአብዛኛው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታሉ፤ ከዚያ በኋላ እየቀለሉ ሄደው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይረግባሉ። በዚህ ሁሉ መካከል የሚነሳው እያንዳንዱ ሐራራ ግን አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ይበርዳል፣ ከ10 ደቂቃ የሚያልፈውም ጥቂት ነው። ይህን በቃሌ ብቻ አይቀበሉት፤ የመጀመሪያው ሐራራ ሲነሳ ሰዓትዎን ይመልከቱና ይለኩት። ማለቂያ የሌለው የመሰለዎት ጭንቀት ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ በስሎ እስኪወጣ ከሚፈጀው ጊዜ ብዙም እንደማይበልጥ በዓይንዎ ሲያዩ፣ ሁለተኛው ሐራራ የመጀመሪያውን ያህል አያስደነግጥዎትም።

ሐራራው የሰውነት ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲጋራ ካጨስን ወዲህ ያለፈውን ሰዓት እየቆጠረ በመጣ ነበር። ነገር ግን ሐራራ በአብዛኛው የሚነሳው ሰውየው ሲጋራ አገኛለሁ ብሎ በሚጠብቅበት ሰዓትና ቦታ ነው። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት አጫሽ የሆኑ የበረራ አስተናጋጆችን በአጭርና በረጅም በረራ ላይ ሲከታተል፣ ሐራራው የሚበረታው አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲቃረብ መሆኑን አሳይቷል፤ አጭሩ በረራ ሊያበቃ ሲል የነበረው ሐራራ፣ በረጅሙ በረራ ላይ ያንኑ ያህል ሰዓት ሳያጨሱ ከቆዩት ይልቅ የከፋ ነበር። በረመዳን ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ሳያጨስ የሚውል ሰው ምሽት ሲቃረብ ዓይኑ ሰዓት ላይ የሚቀርበትን ምክንያትም ይህ ጥናት ያስረዳል። ለእኛ የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ቦታውንና ሰዓቱን ያወቀ ሰው ሐራራው ከመምጣቱ በፊት ተዘጋጅቶ ሊጠብቀው ይችላል።

ከማቆምዎ በፊት

የሚያቆሙበትን ቀን ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆርጠው ይወስኑና እስከዚያው ቢያንስ ሦስት ቀን እያንዳንዱን ሲጋራ ይመዝግቡ። ስንት ሰዓት እንደነበር፣ የት እንደነበሩ፣ ከማን ጋር፣ ምን እያደረጉ፣ ፍላጎቱስ ከ10 ስንት ይሰጠው እንደነበር በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ወረቀቱን ፓኮው ውስጥ ያኑሩት። ከሦስት ቀን በኋላ ወረቀቱን ሲያነቡት፣ ሳያስቡት የለኮሷቸው ብዙ እንደሆኑና የእውነት የከበዱት ጥቂት እንደሆኑ ያያሉ። የእኔ ከባዶቹ አራት ነበሩ፤ ከቁርስ በኋላ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከሥራ አለቃዬ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ፣ እና ማታ ከጓደኞቼ ጋር ስቀመጥ። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ምትክ አዘጋጀሁ፤ ለሌሎቹ ግን ምንም አላዘጋጀሁም፣ አላስፈለገምም።

በማቆሚያው ቀን ዋዜማ ቤቱን ያጽዱ። ፓኮውን፣ ላይተሩን፣ መተርኮሻውን ያስወግዱ፤ የጭስ ሽታ የያዘውን ጃኬትና ጋቢ ያሳጥቡ። በተለይ «ለክፉ ቀን» ተብላ ኮት ኪስ ውስጥ ወይም ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠችውን አንዲት ሲጋራ ይፈልጓት፤ ክፉው ቀን የሚመጣው እሷ በመኖሯ ነው።

በአገራችን ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ሲጋራ በፍሬ መሸጡ ነው። ሙሉ ፓኮ ለመግዛት ሰው ትንሽም ቢሆን ያስባል፤ ከሱቅ በደረቴው አንዲት ፍሬ ለመግዛት ግን ማሰብም አያስፈልገውም፣ እሳቱንም ሻጩ ያቀርብለታል። ስለዚህ ዘወትር የሚገዙበትን ሰው አስቀድመው ያነጋግሩት። የዱቤ ሂሳብ ካለብዎ ከፍለው ይዝጉትና «ወንድሜ፣ ሲጋራ አቁሜአለሁ፤ ብለምንህም እንዳትሰጠኝ» ይበሉት። ሻጩ ገበያዬ ቀረብኝ ብሎ ይቀየመኛል ብለው አይፍሩ፤ የእኔው ሰውዬ ከዚያ በኋላ ባለፍኩ ቁጥር ማስቲካ እያሳየኝ ይስቅ ነበር። ይህን ለመናገር የሚያፍር ሰው ደግሞ ለአንድ ወር መንገዱን ይቀይር።

ሐራራው በተነሳባት ሰዓት

መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ከቦታው መነሳት ነው። ተቀምጠው ከሆነ ይቁሙ፣ በረንዳ ላይ ከሆኑ ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ቤት ውስጥ ከሆኑ ወደ ደጅ ይውጡ። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ሐራራን እንደሚያበርድ በጥናት የታየ ነው፤ እስከሚቀጥለው ታክሲ መያዣ በእግር መሄድ ወይም የቢሮውን ደረጃ ወጥቶ መውረድ ይበቃል። መሄድ በማይቻልበት ቦታ፣ ለምሳሌ በስብሰባ መካከል፣ አየር በአፍንጫ በዝግታ እየሳቡ ከንፈርን አጥብበው ከሳቡበት ጊዜ በረዘመ ሁኔታ ያስወጡ፤ ይህንንም አሥር ጊዜ ያህል ይደጋግሙ። አጫሽ ሲጋራ ሲስብ ሳያውቀው በረጅሙ ይተነፍስ ስለነበር፣ ያረጋጋው ከመሰለው ነገር ከፊሉ ይኸው አተነፋፈስ ነው፤ እርሱን ያለ ጭስ ማግኘት ይቻላል።

ቀጥሎ አፍና እጅ ሥራ ይፈልጋሉ። ፈረንጅ ለዚህ ካሮትና ገለባ ይመክራል፤ እኛ ግን ከዚያ የተሻለ አለን ብዬ አምናለሁ። የጥርስ መፋቂያ ከሁሉ ይልቃል፤ በጣት ይያዛል፣ በከንፈር ይነከሳል፣ ከኪስ ይገባል፣ ማንም ሰው ሲፍቁ ቢያይዎ አይደነቅም። ቆሎ አንዳንድ ፍሬ እየቆረጠሙ መቆየትም እጅንም አፍንም ያሠራል፤ ሱፍና ዳቦ ቆሎም እንዲሁ። ቀዝቃዛ ውኃ በዝግታ መጠጣት፣ ሎሚ መምጠጥ፣ ዝንጅብል ማኘክ ለብዙዎች ይረዳል። እጁ ባዶ ሲሆን የሚጨነቅ ሰው መቁጠሪያውን ወይም ተስቢሑን ይያዝ። በየደቂቃው ጣፋጭ ማላመጥ ግን አልመክርም፤ ሲጋራ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ስለሚጨምር፣ ሸክሙን ማብዛት ለአንዳንዱ ወደ ሲጋራ የመመለሻ ሰበብ ይሆናል።

ሦስተኛው ነገር በልብ ውስጥ የሚደረገውን ክርክር መተው ነው። ሐራራ ሲነሳ አእምሮ ጠበቃ ይሆናል፤ «ዛሬ ብቻ»፣ «አንዷ ምን ታደርጋለች»፣ «እገሌ በዘጠና ዓመቱ ያጨስ ነበር» እያለ ይሟገታል። ለእነዚህ መልስ መስጠት የጀመረ ሰው ሐራራውን ያራዝመዋል። «አምስት ደቂቃ ልቆይ፣ ከዚያ አስብበታለሁ» ብሎ ጉዳዩን በቀጠሮ ማሳደር ይሻላል፤ አምስቱ ደቂቃ ሲሞላ የሚታሰብበት ነገር አይኖርም። «ዕድሜ ልኬን አላጨስም» የሚለውን ከባድ ቃል በየሐራራው ማንሳትም አያስፈልግም፤ የአሁኑን ማሳለፍ ይበቃል።

ቡና፣ ጫትና መጠጥ

ስለ ቡና አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ውህዶች ጉበት ካፌይንን ከሰውነት የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይጨምራሉ። ሰው ማጨሱን ሲያቆም ይህ ፍጥነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚወርድ፣ የዱሮውን ያህል ቡና ቢጠጣ በደሙ ውስጥ የሚገኘው ካፌይን እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ውጤቱ የልብ ትርታ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ መቁነጥነጥና እንቅልፍ ማጣት ሲሆን፣ ሰውየው ግን ይህን ሁሉ የሲጋራ ሐራራ ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ካቆሙበት ቀን ጀምሮ ቡናውን በግማሽ ይቀንሱ። ቡና በሚፈላበት ቤት አቦሉን ጠጥቶ ቶናውንና በረካውን በምርቃት ማለፍ ነውር አይደለም፤ «ሐኪም ከልክሎኝ ነው» ማለትም የባለቤቷን ቅሬታ ያስቀራል። ከቡናው በኋላ ሲጋራ የሚለኩሱበት ወንበር ካለ ወንበሩን ይለውጡ፤ ዘወትር ማኪያቶ የሚጠጡት በረንዳ ላይ ከሆነ ውስጥ ገብተው ይቀመጡ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስን የከለከለ በመሆኑ፣ የቤቱ ውስጠኛ ክፍል ሲጋራ ላቆመ ሰው ከበረንዳው ይልቅ ወዳጅ ነው።

ጫት ከዚህ ይከብዳል። በርጫ ላይ ሲጋራ የምርቃናው አካል ሆኖ ይቆጠራል፤ በቀን ሦስት ሲጋራ የሚበቃው ሰው በአንድ የበርጫ ውሎ ፓኮ ሲጨርስ ይታያል። በርጫ ተቀምጬ ሲጋራ ብቻ እተዋለሁ የሚል ሰው ሲሳካለት አላየሁም፤ ስለዚህ ቢያንስ ለመጀመሪያው ወር ሁለቱን አብሮ መተው ይገባል ባይ ነኝ። ጫት ሲተው ድካም፣ የድብርት ስሜትና ዱካክ የሚባለው የሚያስጨንቅ ሕልም ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ይህን ከሲጋራው ሐራራ ጋር ቀላቅሎ «ሲጋራ መተው አሳበደኝ» ማለት ስሕተት ነው። ምርቃናን ለመስበር የሚወሰደው ጨብሲም ሆነ ያለ ጫት የሚጠጣው ድራፍት፣ ጠጅና አረቄ ሌላ ጉዳት አላቸው፤ ሐራራውን ከማንሳታቸው በላይ እምቢ ማለት የሚችለውን አእምሮ ያላሉታል። ወደ ሲጋራ የተመለሱ ብዙ ሰዎች የመጀመሪያዋን የለኮሱት ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ ነው፤ የእኔም ሁለተኛው ሙከራ ያበቃው እንዲሁ ነበር። ሺሻን እንደ ማቃለያ መቁጠርም አይገባም፤ ሺሻ ውስጥም ትምባሆና ኒኮቲን ስላለ ሱሱን በሕይወት ያቆየዋል።

ስለ መድኃኒት

ጠዋት እንደተነሳ የሚያጨስና በቀን ብዙ ሲጋራ የሚጨርስ ሰው ያለ መድኃኒት መታገል ግዴታው አይደለም። የኒኮቲን ምትክ የሚባሉት ማስቲካውና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር ኒኮቲንን ያለ ጭስ፣ በዝግታና በትንሽ መጠን በመስጠት ሐራራውን ያለዝባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 የኒኮቲን ምትክን፣ በ2021 ደግሞ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን የተባሉትን ክኒኖች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። በኢትዮጵያ እነዚህ በየፋርማሲው የሚገኙ ባይሆኑም፣ ትልልቅ ፋርማሲዎችንና የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ያላቸውን ሆስፒታሎች መጠየቅ ይገባል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች በየግዛቱ ነፃ የስልክ ምክር ያገኛሉ፤ በእስራኤል የጤና መድን ድርጅቶች ማጨስን ለማቆም የሚረዱ የቡድን ስብሰባዎችን ለአባሎቻቸው ያዘጋጃሉ።

ማስቲካውን እንደ ተራ ማስቲካ የሚያኝከው ሰው ስለሚበዛ አጠቃቀሙን ልግለጽ። የሚያቃጥል ወይም ቅመም ቅመም የሚል ጣዕም እስኪሰማ ድረስ ቀስ ብሎ ይታኘካል፤ ከዚያ በድድና በጉንጭ መካከል ይቀመጣል፤ ጣዕሙ ሲጠፋ እንደገና ይታኘካል፤ እንዲህ እየተደረገ 30 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ኒኮቲኑ የሚገባው በአፍ ውስጠኛ ቆዳ በኩል በመሆኑ፣ ቶሎ ቶሎ አኝኮ ምራቁን የሚውጥ ሰው የሚያተርፈው ቃርና ስቅታ ብቻ ነው። ቡና፣ ለስላሳና ጭማቂ ኒኮቲኑ እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ ከማኘክ 15 ደቂቃ በፊትና እያኘኩ ሳለ አይወሰዱም። ከነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ባለ 4 ሚሊ ግራሙን፣ ሌላው ባለ 2 ሚሊ ግራሙን ይጠቀማል። ክኒኖቹ የሚጀመሩት ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ሲሆን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰዳሉ፤ በተለይ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቡፕሮፒዮን መውሰድ የለበትም። ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ ሕሙማን፣ እንዲሁም ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የተባሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ከማቆማቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ጭሱ ሲቀር የእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች መጠን በደም ውስጥ ከፍ ይላልና።

በቤት ያሉ ሰዎች

ሚስት፣ ባል፣ እናት ወይም የሥራ ባልደረባ የሚያደርገው እገዛ ቀላል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቁጣውን ችለው ያሳልፉ፣ በፊቱ አያጭሱ፣ «አጨስክ ወይ?» እያሉ ልብሱን አያሽትቱ። «ወንድ ከሆንክ አንዴ ቆርጠህ ተው» የሚለው ማበረታቻ በተግባር የሚያደርገው ነገር ቢኖር፣ የተሳሳተው ሰው ስሕተቱን እንዲደብቅ ማድረግ ነው፤ የደበቀ ሰው ደግሞ ብቻውን ስለሚሆን ቶሎ ይመለሳል።

አንዲት ሲጋራ ቢያጨሱ

ይህ በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። አደጋው ከሲጋራዋ ይልቅ «እንግዲህ ተበላሽቷል» የሚለው ሐሳብ ላይ ነው። የቀረውን ወዲያው ይጣሉ፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ምን ስለሆነ እንዳጨሱ በዚያች ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ቀኑንም ከአንድ መቁጠር ሳይጀምሩ ይቀጥሉ። «ከሰኞ ጀምሬ» ማለት አይገባም፤ እስከ ሰኞ ያለው ጊዜ ሱሱ እንደገና ሥር የሚሰድበት ነው። ስሕተቱ በተመሳሳይ ቦታ ሁለት ጊዜ ከተደገመ ግን ዕቅዱ ራሱ ቀዳዳ አለው ማለት ስለሆነ፣ ቦታውን ለጊዜው መተው ወይም ስለ መድኃኒት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ሐራራ እየራቀ ይሄዳል፤ ቢሆንም ጨርሶ ተረስቶ ሳለ በአንድ ያልተለመደ አጋጣሚ ብቅ ሊል ይችላል። በእኔ ላይ ብቅ ያለው በስምንተኛው ወር፣ ለቅሶ ቤት ነበር። ሌሊቱን ድንኳን ውስጥ ካርታ ከሚጫወቱት ጋር ተቀምጬ ሳለ አንድ የዱሮ ጓደኛ ሳይጠይቀኝ ፓኮውን ዘረጋልኝ፤ እጄም ከእኔ ቀድሞ ተዘረጋ። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚበጀው አስቀድሞ የተለማመዱት አጭር መልስ ነው። «ትቼዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ካሉ በኋላ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም፤ ምክንያት የሰጠ ሰው ለክርክር በር ይከፍታል። ከዚያም ተነስቶ ውኃ መቅዳት፣ ለአዲስ መጪ ወንበር ማቅረብ፣ ወይም ከድንኳኑ ወጥቶ አንድ ዙር መመለስ ይቻላል፤ ሲመለሱም ከካርታው አጠገብ ሳይሆን ከሽማግሌዎቹ በኩል መቀመጥ ነው።